ፈረንሳይ የወይን አገር በብስክሌት፣ ያለ መኪና፦ ባለቤቴ መኪና ትፈራለች፣ ምን ትሉኛላችሁ?

ቀስ_በቀስ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ብስክሌት የተማረችው በ34 ዓመቷ እዚሁ ጀርመን መጥታ ነው። አገር ቤት ልጅ እያለች ሴት ብስክሌት ላይ ከወጣች ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያይ ስለነበር ሳትሞክረው ቀረች። አሁን ወንዝ ዳር ዳሩን በቀን 40 ኪሎ ሜትር አብረን እንነዳለን፣ አቅም አላት። ችግሯ መኪና ነው። ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ከሰማች መሪው ይንቀጠቀጥባታል፣ ወርዳ ትቆማለች። አንዴ አውቶቡስ ክርኗን ታክኮ ሽው ብሎ ካለፈ ወዲህ የመጣ ነው፣ አልፈርድባትም።

በሴፕቴምበር የ5 ቀን ፈቃድ አለን። የፈረንሳይን የወይን አገር ማየት የሷ ሐሳብ ነው። ኢንተርኔት ላይ "ከመኪና ነፃ" የሚል ሞልቷል፣ ከፍቼ ሳነበው ግን ግማሹ "መኪና የማይበዛበት" ሆኖ አገኘሁት። ለሷ ጥቂት መኪናና ብዙ መኪና አንድ ነው። የነዳችሁበት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

የሊዮኗ

እንኳን ጠየቅክ። ሊዮን ነው የምኖረው፣ ቅዳሜና እሁድ ብስክሌቴን ባቡር ላይ ጭኜ ያንን አካባቢ ደጋግሜ ነድቼዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ ራስህ ትመርጣለህ።

ፈረንሳይ ውስጥ የእውነት መኪና የማይገባበት መንገድ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የድሮ የባቡር ሐዲድ ተነቅሎ አስፋልት የፈሰሰበት ነው። ሌላው የካናል ዳር ነው፣ ድሮ ፈረስ ጀልባ እየጎተተ ይሄድበት የነበረው። ሁለቱም ሜዳ ይወዳሉ። ባቡር ዳገት አይሆንለትም፣ ካናሉም ረባዳውን ነው የሚከተለው። ጥሩ የሚባለው ወይን ደግሞ ያለው ተዳፋት ላይ ነው። ስለዚህ መኪና የሌለበት መንገድና ፖስትካርድ ላይ የምታየው የወይን ማሳ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ናቸው እንጂ አንድ ቦታ አይደሉም። ማስታወቂያው ይህን አይነግርህም።

ቁርጥ ያለ ከፈለግክ ወደ ምሥራቅ ፈረንሳይ የወይን አገር፣ ቡርጎኝ ሂድ፣ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ። 44 ኪሎ ሜትር ነው። በፈረንጅ 1997 ሲከፈት በአገሩ የመጀመሪያው "ቯ ቬርት" ነበር፣ አረንጓዴ መንገድ ማለታቸው ነው። የድሮ ሐዲድ ስለሆነ ዳገቱ አይታወቅህም፣ ማርሽ መቀየር ራሱ ትረሳለህ። በግራም በቀኝም ወይን አለ፣ ጫካ አለ፣ ነጫጭ ከብቶች የሚግጡበት መስክ አለ። ቡሲ ላይ የገበሬዎቹ ማኅበር ወይን ስለሚሸጥ እዚያ ትቀምሳላችሁ። ኮርማታን ላይ በውሃ የተከበበ ሻቶ፣ የድሮ የመኳንንት ግንብ፣ አለ። ከዚያ ወዲያ ባለው ኮረብታ ላይ ቴዜ ነው፣ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች አብረው የሚጸልዩበት በ1940 የተመሠረተው ማኅበር። ገብታችሁ ዝም ብላችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ፣ ማንም ምንም አይላችሁም።

መኪና የሚያጋጥማችሁ መንገዱ የገጠር አስፋልት ሲያቋርጥ ብቻ ነው። እዚያ ቦታ አጥር ቢጤ ስላለ የግድ ትቆማላችሁ፣ ግራ ቀኝ ዓይታችሁ ትሻገራላችሁ። አምስት ሰከንድ ነው።

ባለ_ሁለት_ጎማ (ፓሪስ)

ከላይ ያለችው እህቴ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ቡርጎኝ ድረስ ሄዶ የወይን ከተማዋን ቦንን ሳያዩ መመለስ ላሊበላ ሄዶ ከሆቴል ሳይወጡ እንደመምጣት ነው። አልስማማም።

ከቦን እስከ ሳንትኔ "ቯ ዴ ቪኝ" የሚባል የ22 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፣ የወይን መንገድ። ይሄኛው ጎን ለጎን አይደለም፣ መሀሉ ነው የምትገባው። ፖማር፣ ቮልኔ፣ ሜርሶ፣ ፑሊኚ ሞንራሼ፣ በጠርሙስ ላይ ብቻ የምታውቃቸው ስሞች የሰፈር ታፔላ ሆነው ይቆሙልሃል። ወይኑ ቁመቱ ከወገብ አይበልጥም። አንድ ሄክታር ላይ ወደ 10,000 ግንድ ይተክላሉ፣ ረድፉ በጣም ጠባብ ነው።

የገረመኝን ልንገርህ። እኛ አገር መሬት በጥማድ እንደምንለካው እነሱም "ኡቭሬ" የሚሉት አላቸው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ቆፍሮ የሚጨርሰው መሬት ማለት ነው፣ ወደ 24 ኡቭሬ አንድ ሄክታር ይሆናል። የኛ በሬ ስላለበት ሰፋ ይላል። ሞንራሼ የሚባለው፣ ዋጋው ሲጠራ የሚያስደነግጠው ነጭ ወይን የሚወጣበት ማሳ፣ 8 ሄክታር ገደማ ነው። በኛ 32 ጥማድ። አገር ቤት አንድ ደህና ገበሬ ከነወንድሞቹ የሚያርሰው። አጥሩ ጋ ቆሜ ይሄው ነው እንዴ አልኩ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ማሳ እኮ ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም። ልዩነቱ ተዳፋቱ ነው። ታች ሜዳው ላይ ያለው ርካሽ ነው፣ ውሃ ይቋጥራል። ወገቡ ላይ ያለው ውድ ነው፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ፀሐይም ያገኛል። አናቱ ላይ ደግሞ አፈሩ ይሳሳና ዋጋው ተመልሶ ይወርዳል። በብስክሌት ስትወጣው እግርህ ይነግርሃል፣ መተንፈስ ሲያቅትህ ግራን ክሩ፣ ከፍተኛው ደረጃ ያለው ማሳ፣ ደርሰሃል ማለት ነው።

ቀስ_በቀስ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቆይ ግን፣ ይሄ የቦኑ መንገድ መኪና የለውም?

ባለ_ሁለት_ጎማ

እ… ትራክተር አለ።

የሊዮኗ

ሃሃሃ፣ "ትራክተር አለ" ብሎ ዝም። ሙሉውን ንገረው እንጂ። መንገዱ የተሠራው ለብስክሌተኛ ሳይሆን ለወይን ገበሬው ነው፣ እኛ እንግዳ ነን። ገበሬዎቹ በሚኒባስም በፒክአፕም ይመላለሱበታል። ትራክተሩም የምታውቀው ዓይነት አይደለም። የወይኑን ረድፍ በእግሮቹ መሀል አስገብቶ የሚሄድ ረጅም ነገር ነው፣ ግመል ይመስላል። ጥግ ይዘህ ታሳልፈዋለህ፣ ሾፌሩም እጁን ያነሣልሃል። ፍጥነት የለውም። ግን በሴፕቴምበር ለቀማ ስለሚሆን ከወትሮው ይበዛል።

የኔ ምክር፦ ከቦን አትጀምሩ። ከክሉኒ በኩል ጀምሩ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሐዲዱ ላይ ትንዳና ልቧ ይረጋጋ። የቦኑን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ እሁድ ጠዋት። እሁድ ማሳው ጸጥ ይላል። መንገዱም አልፎ አልፎ ዳገት ቁልቁለት ስላለው እግራችሁ ከተፍታታ በኋላ ይሻላል።

መሀሉን በካናል ታገናኙታላችሁ። ከዢቭሪ ወደ ሻሎን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሻሎን የሳንትር ካናልን ይዛችሁ ሻኚ ትገባላችሁ፣ ከሻኚ ሳንትኔ አጠገብ ነው። ሻሎን ስትደርሱ ፎቶ ተነሡ፣ ፎቶግራፍን የፈለሰፈው ኒዬፕስ የተወለደባት ከተማ ናት፣ ነውር ነው ሳይነሡ ማለፍ።

ቦርዶ_ነኝ

ሁሉ ሰው ቡርጎኝ ቡርጎኝ። ቦርዶም እኮ አለች።

ከቦርዶ ዳር ከላትረን ተነሥቶ ሶቭቴር ደ ጉዬን የሚደርስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የድሮ ሐዲድ አለ፣ ሙሉው አስፋልት። የሮዤ ላፔቢ መንገድ ይባላል። ሰውየው የ1937ቱን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈ ነው፣ ማርሽ መቀየሪያ በተፈቀደበት በመጀመሪያው ዓመት። ከዚያ በፊት የነበሩት ማርሽ ለመቀየር ወርደው ቸርኬ ይገለብጡ ነበር፣ አስቡት። ክሬዮን የምትባል ከተማ ላይ የድሮው ጣቢያ አሁን የብስክሌተኛ ማረፊያ ሆኗል። ከዚያ አለፍ ብሎ የላ ሶቭ ገዳም ፍርስራሽ አለ፣ ግንቡ ላይ ወጥታችሁ አገሩን ታያላችሁ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ግማሽ ጫካ ነው፣ ወይኑን ብዙ አታዩም። ጥላው ግን ለሙቀት ወደር የለውም። ታዋቂዋ የወይን ከተማ ሳንት ኤሚልዮን ታምረኛለች ካላችሁ መንገዱ ላይ አይደለም፣ በባቡር ሂዱ። በብስክሌት ልሂድ ካልክ መኪና ውስጥ ትገባለህ፣ ያኔ ባለቤትህ አትለቅህም።

የፒያሳ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ከሩቅ ነው የምከታተለው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። "የድሮ ጣቢያ፣ የድሮ ጣቢያ" ስትሉ ለገሃር ትዝ አለኝ። እኛ እኮ ቃሉን ራሱ ከነሱ ነው የወሰድነው፣ "ላ ጋር"። የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1917 (በነሱ አቆጣጠር) አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ስሙ ቀርቷል። በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ የሚያልፈው የድሮ ሐዲድ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ተኝቷል። ዳገቱ በባቡር ልክ የተሠራ፣ ጣቢያዎቹ የቆሙ። እኔ በበኩሌ ከቢሾፍቱ አዳማ በብስክሌት ብሄድ አልጠላም።

ወይንም አለን ደግሞ። ዝዋይ ላይ የቦርዶው የወይን ኩባንያ ካስቴል ተክሎ በፈረንጅ 2014 ጠርሙሱን አወጣው፣ ሪፍት ቫሊ። ብቻ የዝዋይን አስፋልት ከሲኖትራክ ጋር ተጋፍታችሁ ካልነዳችሁ ስለ መኪና አታውሩኝ።

ባለ_ሁለት_ጎማ

@የፒያሳ_ልጅ አዲስ አበባም ኮሪደሩ ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል ሲባል ሰማሁ?

የፒያሳ_ልጅ

ተሠርቷል፣ ያምራል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ሙሽራና ሚዜ ፎቶ ይነሣበታል፣ ደውል እያደረግክ ታልፋለህ።

ጋሼ_ማርሽ (ብራስልስ)

ልጆች፣ ስለ ወይኑ እናንተ አውሩ። እኔ 40 ዓመት መካኒክ ነበርኩ፣ ስለ ብስክሌቱ ልናገር።

ባለፈው ዓመት ከጡረታ ጓደኛዬ ጋር ያንኑ የክሉኒ መንገድ ሄድን። ብስክሌቱን የተከራየነው አንድ ሱቅ ነው፣ ስሙ ይቅር። ልጁ ቦርሳ ሰጠን፣ "ውስጡ ሁሉም አለ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕ፣ መፍቻ" አለን። እኔም ሞኝ ሆኜ ሳልከፍተው ተቀበልኩ። 40 ዓመት መካኒክ ማለት ይሄው ነው። ከኮርማታን ወዲህ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ቸርኬውን ፈታሁ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ ፓምፑን ሳገጥም አልገባ አለ። የጎማው ቫልቭ ቀጭኑ ነው፣ የብስክሌተኛው። የፓምፑ አፍ ወፍራሙ፣ የመኪናው ዓይነት። ጭንቅላቱን ፈትቼ ውስጡን ላገላብጥ አልኩ፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቋል። ጸሐይ ላይ ተቀምጬ ሳየው ስንት ደንበኛ ያወጣሁት እኔ አንድ የላስቲክ ቀለበት አሸነፈችኝ። በመጨረሻ ሁለት ልጆች ይዘው የሚሄዱ ባልና ሚስት መጡ፣ ሰውየው ሳልጠይቀው ወርዶ የራሱን ፓምፕ ሰጠኝ። ቃል አልተለዋወጥንም፣ ቋንቋም የለኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ብስክሌት ስትከራይ ሱቁ በር ላይ ፓምፑን ከቫልቩ ጋር አገጣጥመህ እይ። ፍሬኑን ጨብጠህ ግፋው። የኮርቻዋን ቁመት አስተካክለህ 200 ሜትር ታስነዳት። ለባለቤትህ ደግሞ መስታወት ግዛላት፣ መሪው ጫፍ ላይ የሚታሰር። የምትፈራው መኪናውን አይደለም እኮ፣ ከኋላ የማታየውን ነው።

ቀስ_በቀስ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መስታወቱን ዛሬውኑ አዛለሁ። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም?

ጋሼ_ማርሽ

ሰላሳ ዓመት የኋላ መስታወት ሲሸጥ የኖረ ሰው ያስብልህ።

ሳምራዊት_ዘሽቱትጋርት

ምግቡን ማንም አላነሣም፣ እኔ ላንሣው። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ ሰዓት። ገጠሩ ውስጥ ምሳ ማለት በፈረንጅ ከ12 እስከ 2 ነው፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት (በኛ) ደርሳችሁ "የሚበላ ነገር?" ብትሉ ጠረጴዛ የሚጠርገው ልጅ በርኅራኄ ያያችኋል እንጂ ምንም አይሰጣችሁም። ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤት ራሱ የሚዘጋበት መንደር አለ። ሁልጊዜ ዳቦና ፍራፍሬ ያዙ።

ሁለተኛ ጾም። የነሐሴውን ፍልሰታ አልፋችሁ ነው የምትሄዱት፣ ግን ረቡዕና ዓርብ አለ። ቡርጎኝ የበሬ ሥጋ በወይን፣ ቀንድ አውጣ በቅቤ፣ እንቁላል በወይን ነው። ጎመኑ ራሱ ቅቤ አለው። "ቅቤ የለውም?" ብላችሁ ስትጠይቁ አይገባቸውም፣ ቅቤ የሌለው ምግብ ለነሱ ጥያቄ አይደለም። እኔ ሱፐርማርኬት ገብቼ ሽምብራ በጣሳ፣ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ የወይራ ዘይት ገዝቼ ካናሉ ዳር ፍትፍት ሠራሁ። በርበሬ በትንሽ ፕላስቲክ ይዤ ነበር። ከዚያ ጉዞ በደንብ የማስታውሰው ምሳ እሱ ነው።

ውሃ ስታጡ የመቃብር ቦታ ግቡ። ቀልድ አይደለም። ፈረንሳይ የመቃብር ቦታ ሁሉ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለው፣ ብስክሌተኛው ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው። "ኖን ፖታብል" የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም። የመጀመሪያ ቀን እኔ አማትቤ ነው የቀዳሁት።

የሊዮኗ

የመቃብሩ እውነት ነው ሃሃሃ። እናቴ ብትሰማ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ቅምሻ። ጓዳቸው ስትገቡ ትንሽ ትንሽ እየቀዱ አምስት ስድስት ዓይነት ያቀርባሉ። አጠገባችሁ የመትፊያ ዕቃ አለ፣ ቀምሶ መትፋት ነው ወጉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አልቻልኩም። ሰው በእጁ ቀድቶ የሰጠህን ፊቱ ትተፋለህ? እኛ ቤት ቢሆን ያስረግማል። ስለዚህ እየዋጥኩ አራተኛው ላይ ደረስኩና ብስክሌቴን ስወጣ በተሳሳተ ጎን ወጣሁ።

ሕጉም ቀልድ አያውቅም። ለመኪና ያለው በሊትር ደም የ0.5 ግራም አልኮል ገደብ ለብስክሌትም ይሠራል፣ ከዚያ ካለፋችሁ 135 ዩሮ ነው፣ ከ0.8 ካለፈ ደግሞ ፍርድ ቤት ነው። ትፉት። የወደዳችሁትን አንድ ጠርሙስ ገዝታችሁ ማታ ማረፊያችሁ ላይ ጠጡ።

ባለ_ሁለት_ጎማ

ጠርሙስ ብስክሌት ላይ መጫን ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ካልሲ ውስጥ ከተህ፣ ልብስ መሀል። ያልታጠበ ካልሲ አይሁን።

በነገራችን ላይ የ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ እዚያው ነው ያለፈው። ሰባተኛው ቀን ከኑዊ ሳን ዦርዥ ወደ ዤቭሬ ሻምበርታን፣ በወይኑ መሀል፣ የሰዓት ውድድር። በማግስቱ ከሰሙር ተነሥተው ቢንያም ግርማይ ኮሎምቤ ላይ አሸነፈ። እኔ ሰሙር መነሻው ላይ ነበርኩ። የኤርትራን ባንዲራ የያዙ ልጆች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ከበሮ ይዘው ነው የመጡት። ፈረንሳዮቹ ሽማግሌዎች አብረው ያጨበጭቡ ነበር።

የፒያሳ_ልጅ

ከሱ በፊት የኛ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንጅ 2016 ቱሩን እንደነዳ አትርሱ! የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ።

ራይን_ማዶ (ካርልስሩኧ)

ወንድሜ፣ ከፍራንክፈርት ተነሥተህ ከጀርመን ድንበር ላይ ያለውን የፈረንሳይ ክፍል፣ አልዛስን፣ እንዴት አላየኸውም? ስትራስቡርግ አፍንጫህ ሥር ነው። ከከተማው መሀል ተነሥቶ የብሩሽ ካናልን ይዞ ወደ ሞልሴም አቅጣጫ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ። ካናሉን በ1682 ያስቆፈረው የፈረንሳይ ንጉሥ የምሽግ መሐንዲስ የነበረው ቮባን ነው፣ ለስትራስቡርግ ምሽግ ድንጋይ ለማመላለስ። አሁን ዳክዬና ብስክሌተኛ ብቻ ነው። ሞልሴም ስትደርስ የወይኑ ኮረብታ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የወይን መንደሮች መስመር ቆንጆ ነው ግን ከመኪና ጋር የምትጋራበት ቦታ ስላለ ለባለቤትህ ሞልሴም ላይ ያብቃ።

ለ5 ቀን ያንሳል። ለቅዳሜና እሁድ ግን የሚያህለው የለም።

ቀስ_በቀስ

ወሰንኩ። ክሉኒ፣ ቡሲ፣ ሻሎን፣ ሻኚ፣ እሁድ ቦን። ብስክሌቱን እዚያው እንከራያለን፣ ባቡር ላይ ከቦታ ጋር መጣላት አልፈልግም።

አንድ ጥያቄ። ከክሉኒ በስተደቡብ ወደ ማኮን የሚሄደው ላይ ዋሻ አለ ይላሉ። ይፈራል?

የሊዮኗ

ቧ ክሌር። የባቡር ዋሻ ነበር፣ 1.6 ኪሎ ሜትር። መብራት አለው። አይፈራም፣ ግን ይበርዳል፣ ውጭ 30 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ፍሪጅ ነው። ጃኬት ከቦርሳ ሥር አትክተቱት። ክረምት ላይ የሌሊት ወፎቹ ስለሚተኙበት ይዘጋል፣ በሴፕቴምበር ክፍት ነው። መኪና የለም። በፍጹም።

ቀስ_በቀስ

ሰላም ሰላም። ተመልሰናል። ቃል እንደገባሁት ልጻፍ።

የመጀመሪያ ቀን ከማኮን በኩል ተነሥተን በዋሻው ገባን። ከአፉ ላይ ቀዝቃዛው አየር ፊታችሁን ይመታችኋል፣ ልክ ጠበል ቤት እንደመግባት። መሀሉ ላይ ባለቤቴ ቆመች። ፈራች ብዬ ወደ ኋላ ስመለስ "ዝም በል፣ ስማ" አለችኝ። ከጣራው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ እልል አለች። እልልታው ዋሻውን ዞሮ ተመልሶ መጣ። ከወዲያኛው ጫፍ የማናየው ሰው ደውሉን ቂል ቂል አድርጎ መለሰላት።

ክሉኒ አንድ ቀን አረፍን። የክሉኒ ገዳም ቤተ ክርስቲያን የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በዓለም ትልቁ ነበር፣ ከአብዮቱ በኋላ ድንጋዩን እያፈረሱ ሸጡት። የቀረው አንድ ክንፉ ብቻ ነው፣ አንገታችንን እስኪያመን ቀና ብለን አየነው፣ የቀረው ይህ ከሆነ ሙሉው ምን ሊያህል ነበር? ዕንቁጣጣሽን እዚያው ነው ያከበርነው። ባለቤቴ መንገድ ዳር ቢጫ አበባ ፈልጋ መሪዬ ላይ አሰረችልኝ፣ አደይ አይደለም ግን ያስኬዳል።

ቡሲ ላይ ቀመስን፣ እኔ ተፋሁ፣ እሷ እምቢ አለች። ካናሉ ላይ ነፋስ ከፊት መጥቶ አሰቃየን፣ እሱን ማንም አልነገረኝም። ሻኚ ስንደርስ እግራችን አልቆ ነበር።

እሁድ ቦን። ከሳንትኔ ነው የተነሣነው፣ በ2 ሰዓት (በኛ)፣ ጤዛው አልተነሣም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያየነው አንድ ነጭ ሚኒባስ ነው።

ጋሼ፣ ፓምፑን ሱቁ በር ላይ ሞከርኩት። አልገጠመም። አስቀየርኩት።

ጋሼ_ማርሽ

እሰይ የኔ ልጅ።

ቀስ_በቀስ

ሰላም፣ አሁን የምጽፈው ባለቤቱ ነኝ። ስልኩን ነጠቅኩት። ሁሉን ሲጽፍ አንድ ነገር ዘሏል።

ያ ሚኒባስ የመጣው ቮልኔ ላይ ቁልቁለቱ ጋ ነው። እኔ በመስታወቱ ከሩቅ አየሁት፣ ጥግ ያዝኩ፣ አሳለፍኩት፣ ሾፌሩ በመስኮት እጁን አወጣልኝ፣ እኔም አወጣሁ። አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ አየር ላይ። ዞር ስል አቶ ቀስ በቀስ ከብስክሌቱ ወርዶ የወይን ረድፍ ውስጥ ቆሟል። ቁልቁለቱን በእግሩ ነው የጨረሰው፣ ፍሬኑን አላመነውም አለ።

ራይን_ማዶ ያሉት ወንድሜ፣ የብሩሽ ካናል በሚያዝያ ይሆናል?

ራይን_ማዶ

ይሆናል እህቴ። ጃኬት ያዙ፣ ቀላል ቁልቁለት እንኳ የለውም፣ እሱም ይመጣል።